ሦስት ነጥብ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእትዬ፤

«ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» የምትለዋን መስመር ሁለተኛ ብጽፍ ደብዳቤውን ሳትከፍቺ እንደምትመልሺልኝ ስለዛትሽ፣ ይኸው ደህንነቴ በዝርዝር። ጉንፋኑ ለቆኛል። ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይቆረጥመኛል፣ ስወጣ ግን ምንም አይለኝም። ሹራቡን እለብሰዋለሁ፤ አዎ፣ ከውስጥ። ምሳዬን አልዘልም። የሚያስቸግረኝ ወንድ የለም፣ እኔም የማስቸግረው አላገኘሁም።

ስለ ጉሙ ለጠየቅሽኝ፣ ሰሞኑን ወደቡ በየማለዳው ጉም ይውጠዋል። ክሬኔ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ አለው። ከታች ስጀምር የራሴን ጫማ አላይም። መቶኛው ደረጃ አካባቢ ነጩ ነገር መሳሳት ይጀምራል፤ ትንሽ ከፍ ስል ድንገት ፀሐይ ላይ እወጣለሁ። ወደቡ የለም፣ ባሕሩ የለም፣ ሰው የለም። የአራት ክሬኖች አናትና የአንድ መርከብ ምሰሶ ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ። ጋቢናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገመዱን ወደ ነጩ እለቀዋለሁ። ምልክት ሰጪው ከታች በሬዲዮ «ዝቅ... ዝቅ... ትንሽ ዝቅ... ያዢ!» ይለኛል። ምን እንደያዝኩ አላውቅም። መጀመሪያ ክብደቱ እጄ ላይ ይመጣል፣ ቀለሙ በኋላ ነው። ኮንቴይነሩ ቀይ ይሁን ሰማያዊ የማውቀው ከጉሙ ሲወጣ ነው። አንዳንድ ቀን ሥራ ውዬ ልምጣ ሕልም አይቼ ልምጣ ይጠፋኛል።

አሁን ወሬው። አንቺ ዋናው መሥሪያ ቤት ፈተና ክፍል ስለሆንሽ ቀድሞ ደርሶሽ ይሆናል፤ ቢሆንም ከኔ ስሚው። የሥልጠና ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሰጠኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው ያናገርኩት፤ ወንበር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ኅዳር 20 ስብሰባ አለ። በክሬን ሠልጣኞች መግቢያ ፈተና ላይ ማለፊያው ነጥብ ላልሞላላቸው ሴቶች የሚጨመረው ሦስት ነጥብ ይነሳ ወይስ ይቀጥል ተብሎ ይወሰናል። እሱ ይነሳ ባይ ነው። «አንቺ እኮ» አለኝ፣ «ያለ ማንም ድጋፍ በራስሽ ያለፍሽ ብቸኛዋ ሴት ነሽ። ተነሺና ንገሪያቸው። አንቺ ከቻልሽ ሌላዋን ምን ያቅታታል?» ቀጠለና የአሠልጣኝነቱ ቦታ ክፍት መሆኑን ነገረኝ። ሁለቱን ነገር አላያያዛቸውም። እኔ ግን ሕፃን አይደለሁም።

እሺ አልኩት። እትዬ፣ አሠልጣኝ! የመጀመሪያዋ ሴት! ሰባ አንድ ያመጣሁ ቀን አቅፈሽኝ ያለቀስሽው ትዝ ይልሻል? ለዚህኛው ምን ልትሆኚልኝ ነው?

ከኋላሽ የማልጠፋው
ጭራሽ

ጥቅምት 17

ለጭራዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሹራቡን በመልበስሽ ደስ ብሎኛል፤ ጉልበትሽን በሞቀ ፎጣ ያዢው።

እንኳን ደስ አለሽ... ወንበር መስጠቱም ደግ ነው... የንግግሩን ነገር ግን እስቲ አትቸኩዪ... ስብሰባ ላይ የተባለ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ቃለ ጉባኤ ደግሞ የሚተይበው ሰው አለው... ሰባ አንድ ያመጣሽ ቀን ማልቀሴ ትዝ ይለኛል፣ እንዴት አይለኝም...

እኔ እንደሆንኩ፣ እንደ ወትሮው ነኝ። የክፍላችንን መስኮት ቀለም ቀቡት፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈት ብሏል። ውጤት ስተይብ እውላለሁ። ሰሞኑን አንድ ሕልም ይመላለስብኛል። አንድ ወረቀት እየተየብኩ ነው። መስመሩ አያልቅም። ወረቀቱ በበሩ ይወጣል፣ በኮሪደሩ ይሄዳል፣ ደረጃውን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እኔ ግን መዝጊያውን ነጥብ አጥቼዋለሁ። ጣቴ ይፈልገዋል፣ የለም... ሕልም ነው፣ ምን ይደረግ...

ባለፈው በላክሽው ፎቶ ጀርባ «ነይና ክሬኑ ላይ ላውጣሽ» ላልሽው፣ ከፍታ እንደምፈራ እያወቅሽ ለምን ታሾፊብኛለሽ? አምፖል እንኳ የሚቀይርልኝ ጎረቤት ነው...

ስብሰባው ይራዘም ይሆናል፣ ማን ያውቃል...

እትዬሽ

ጥቅምት 26

ይድረስ ለእትዬ፤

አልተቀየምኩም፤ የዘገየሁት ፈረቃ ተደርቦብኝ ነው። ስብሰባውም አልተራዘመም። ግን ደብዳቤሽን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ቦታ ሦስት ነጥብ አለበት። አንቺ እኮ የገበያ ዝርዝር ስትጽፊ እንኳ «ሳሙና» ብለሽ በአራት ነጥብ የምትዘጊ ሰው ነሽ። እኔን «ይሄ ዓረፍተ ነገር አልተዘጋም» እያልሽ ስትቆነጥጪኝ አይደል ያደግኩት? ምን ሆነሻል?

እኛ ዘንድ ደግሞ ሦስት ነጥብ ሌላ ትርጉም አለው። ነግሬሽ አላውቅም። ከእኔ ጋር ያለፈች አንዲት ሴት ነበረች። በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ስሟ አጠገብ «+3 ድጋፍ» ይላል፤ የኔ አጠገብ ከነጠብጣብ በቀር ምንም አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ኮንቴይነር ከኮንቴይነር አጋጨች። እኔም አጋጭቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን የተሳቀው በእሷ ነው። በሬዲዮ «ሦስት ነጥብ፣ ቀስ በዪ!» አልኳት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ወደቡ በሙሉ ተቀበለኝ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሻይ የጋበዙኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ጠፋ። በዓመቱ ከክሬን ወርዳ ስቶር ገባች፤ አሁን ጓንት ታድለናለች። ለኔ ስትሰጠኝ ዓይኔን አታየኝም።

ሌላዋ አጣቢዋ ናት፣ ኮንቴይነር የምታጥበዋ፣ የሁለት ልጆች እናት። ዘንድሮ ልትፈተን ተመዝግባለች። በምሳ ሰዓት ቦቲዋን ሳታወልቅ እኔ ጋ ትመጣና ስለ ማርሽ፣ ስለ ፍሬን ትጠይቀኛለች። ያልኳትን ሁሉ በእጇ መዳፍ ላይ ትጽፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው ያጥበዋል፣ በነጋታው ግን በቃሏ ትወጣዋለች። በመለማመጃው ፈተና ስልሳ ሰባት አመጣች። ማለፊያው ሰባ ነው። ትናንት «ሦስቱን ነጥብ ሊያነሱት ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለችኝ። «አንቺ ብቻ አጥኚ» አልኳት። መልስ አልመሰለኝም። ሄዳ ስታበቃ የሆነ ክብደት እጄ ላይ ቀረ።

እና እትዬ፣ ምንድን ነው የምትደብቂኝ? ታመሻል እንዴ?

ጭራሽ

ኅዳር 3

ለጭራዬ፤

አልታመምኩም። ከሥራም አላባረሩኝም፤ ገና ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ጎርጉረሻልና ይኸውልሽ።

ያመጣሽው ስልሳ ስምንት ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት የእርማት ወረቀትሽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከግርጌው ስልሳ ስምንት በቀይ ተጽፏል፤ አጠገቡ የክፍሉ ኃላፊ «3 ነጥብ ይጨመር» ብሎ ፈርሞበታል። ደንብ ነው። ሰባ አንድ ብዬ ተየብኩ። ማስታወሻ የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ዝርዝሩ ላይ ካንቺ በላይ ያለችውን ልጅ «+3 ድጋፍ» ብዬ ሳልጨነቅ ተይቤ አልፌያታለሁ። አንቺ ላይ ስደርስ ግን ወንዶቹ ሲስቁብሽ ታየኝ። እና «...» መታሁ። ጨምሪ የተባልኩት ሦስት ነጥብ ነው፤ የጨመርኩትም ሦስት ነጥብ ነው። ኃላፊው ሳያየው ፈረመ፣ አንቺም ነጠብጣብ ነው አልሽ፤ እኔም አልዋሸሁም እያልኩ ይኸው ስድስት ዓመቴ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ስንቅ አልቀለለኝም። ይባስ ብሎ ያቺ ልጅ ስሟን እንዳጣች ጻፍሽልኝ። ቅጽል ስሙን ያወጣሽው አንቺ ብትሆኚም ወረቀቱን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ፤ የሷን ጽፌ ያንቺን በመደበቄ። አሁን ደግሞ የሥልጠና ኃላፊው እኔ በመታሁት ነጠብጣብ ላይ አቁሞ ሊያናግርሽ ነው። በሩን በአንቺ እጅ ሊዘጋው ነው።

ይቅርታ ገና አልጠይቅሽም። መጀመሪያ ተቆጪ።

እትዬሽ

ኅዳር 7

ለፈተና ክፍል ታይፒስት፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዛሬ ጉም የለም። ከላይ ሆኜ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ስቶሩ፣ የሥልጠና ኃላፊው መስኮት፣ አጣቢዋ ከቀዩ ኮንቴይነር አጠገብ። ደስ የሚል አየር አይደለም።

ስድስት ዓመት በገዛ ራሴ ስም ሰው ስሰድብ ኖርኩ። ይህን ያውቁ ነበር፣ ወይም ሊያውቁ ይችሉ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሰው እንዳይስቅብኝ ብለው እንዳደረጉት ቢነግሩኝ አላምንም። ለሚስቅብኝ ሰው መልስ አጥቼ እንደማላውቅ ከእርስዎ በላይ ምስክር የለም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው?

የክሬን ቁጥር 5 ኦፕሬተር

ኅዳር 12

ለክሬን ቁጥር 5 ኦፕሬተር፣ ለጭራዬ፤

«እርስዎ» አልሽኝ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። አባታችን ወንድማችንን ገና በአሥራ አራት ዓመቱ መሪ አስያዘው። የመኪናው ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ሁለቱ ራሳቸውን ይቀብሩበታል፤ ይሄ ምንድን ነው፣ ያኛውስ፣ ይባባላሉ። እኔ ጎማ አጥባለሁ። አንቺ ትንሿን ባልዲ ይዘሽ ከኋላዬ ከኋላዬ ትመጫለሽ፤ ጭራዬ ያልኩሽ ያኔ ነው። ማንም ክፉ አልነበረም። ኮፈኑ ሥር ግን ለሦስተኛ ራስ ቦታ አልነበረም። ወንድማችን እንደሆነ ዛሬ መኪና ሲያይ ራሱን ያመዋል፣ ታውቂያለሽ።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት እኔም ያንን ፈተና ተፈተንኩ። ለእናታችን የልብስ ስፌት ልመዘገብ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። ሃያ ጥያቄ ስለ ሞተር ነበር፤ ጎማ ስለ ማጠብ አንድም የለም። ያመጣሁት ስልሳ ስምንት ነው።

አዎ፣ ያው ቁጥር። ያኔ ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም። ውጤቴ እንደገና ይታይልኝ ልል ፈተና ክፍል ብሄድ፣ ማመልከቻዬን አዩና «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ ታይፕ ትችያለሽ?» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እችላለሁ።

በዚያው ክረምት ወደቡን ላሳይሽ ወሰድኩሽ። ክሬኖቹን ቀና ብዬ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። አንቺ ቀሚሴን ይዘሽ «ምን ሆንሽ?» ስትዪኝ ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ ከፍታ እፈራለሁ አልኩሽ። አንቺ አመንሽኝ። ሰፈሩም አመነ። እኔ ራሴ ላምን ምንም አልቀረኝም።

እንግዲህ ያንቺ ወረቀት ሲመጣ ስልሳ ስምንት ይላል። ከቁጥሩ ጎን ግን ፊርማ አለ። እኔን የዘጋኝ በር ላንቺ ተከፈተ። ደስታም ነበር፣ ቅናትም ነበር፤ አዎ፣ ቅናት፣ በእህትሽ ፍረጂባት። ያንን ሦስት ነጥብ ማንም እጁን እንዲያሳርፍበት አልፈለግኩም፤ እኔ የቀረብኝ ነገር ነውና ደበቅኩት። ሰው የሚደብቀው የሚያፍርበትን ነው። የማላፍርበትን ነገር እንደሚታፈርበት አድርጌ አስቀመጥኩልሽ፤ ጥፋቴ ይሄ ነው። ይቅርታ የምጠይቅሽም ለዚህ ነው።

ሦስቱ ነጥብ ደረጃውን አልወጣልሽም፣ ኮንቴይነር አላነሳልሽም። በር ላይ አገኘሽው፣ በር ላይ ቀረ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱን በየቀኑ የወጣሽው በራስሽ ጉልበት ነው፤ እየቆረጠመሽ።

ዝም ካልሽ ያንን የእርማት ወረቀት የሚፈልገው የለም። አልቀደውም፣ አላሳየውምም። ከተናገርሽ ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል። ያን ያህል አትጨነቂ፤ የሚተይበው ሰው ያው እኔው ነኝ። አንቺ የራስሽን አስቢ። አሠልጣኝነቱን ምን ያህል እንደምትፈልጊው አውቃለሁ።

እትዬሽ

ኅዳር 22

ይድረስ ለእትዬ፤

እንዴት ነበር ማለትሽ አይቀርምና፣ አጭር ነበር። የሥልጠና ኃላፊው «ያለ ድጋፍ ያለፈችው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ተነስቼ «ያመጣሁት ስልሳ ስምንት ነው» አልኩ። ሌላም ያዘጋጀሁት ነበር፣ ጠፋብኝ። ልክ መቶኛው ደረጃ ላይ የደረስኩ መሰለኝ፤ ነጩ ነገር ሳሳ፣ ከዚያ የሰው ፊት አንድ በአንድ መታየት ጀመረ። የቀረውን ቃለ ጉባኤው ላይ ታነቢዋለሽ፤ ለመተየብ አንቺ ጋ መምጣቱ አይቀርም። ነጥቡ ለዘንድሮ ይቀጥል ተባለ፣ ለከርሞ እንደገና ይታያል። ያለፈው በሁለት ድምፅ ብልጫ ነው። አንደኛዋ እጅ የምልክት ሰጪው ናት፤ እኔም አላመንኩም።

አሠልጣኝነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በነጋታው ኃላፊው ቢሮ ስገባ ወንበሩ ላይ ፋይል ተቆልሎበታል። አልዋሽሽም፣ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ። ቦታውን ፈልጌው ነበር። አሁንም እፈልገዋለሁ።

ስቶር ሄድኩ። በስሟ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ስድስት ዓመት ያልጠራሁት ስም ነው። ጓንት ስታጣጥፍ ቆየችና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስወጣ ጠርታ ጓንት ሰጠችኝ። አዲስ ነው። እስከ ዛሬ ለኔ የሚደርሰኝ አውራ ጣቱ የተቀደደ ነበር፤ እኔ ደግሞ የዕድል ነገር ይመስለኝ ነበር። ይቅር ብላኝ ይሁን አላውቅም። «ፈርሚ» አለች፣ ፈረምኩ። ዓይኔን አየችው።

ስሙ አሁን የኔ ነው። ዛሬ ማለዳ ጉሙ ተመልሷል። ላይ ሆኜ ገመዱን ለቀቅኩት፤ ከነጩ ውስጥ «ሦስት ነጥብ፣ ዝቅ... ዝቅ... ያዢ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቢያመኝ ብዬ ጠበቅኩ። ያዝኩ። አጣቢዋ ከሬዲዮው አጠገብ ቆማ ስትስቅ ሰማኋት፤ የሷ ፈተና ታኅሣሥ 15 ነው። ኮንቴይነሩ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ቢጫ ከመጣልኝ ስንት ጊዜዬ!

አንቺን አኩርፌሻለሁ። ትንሽ ቀርቶኛል፣ እሱ ስትመጪ ይለቀኛል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ቀሚስሽን ይዤ የቆምኩበትን ቦታ ዛሬ ከላይ ሆኜ ፈለግኩት። በጉሙ ምክንያት አልታየኝም። ነይ፣ አብረን እንፈልገው።

ጭራሽ

ታኅሣሥ 1

ለጭራዬ፤

ቃለ ጉባኤው መጣ፣ ተየብኩት። «ያመጣሁት ስልሳ ስምንት ነው» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ተነስቼ መስኮቱን በቢላ ፈቀፈቅኩት፤ ከነቀለሙ ተከፈተ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አስነጠሱ። ከዚያ ተቀምጬ ቀጠልኩ።

ማስጠንቀቂያዬንም ተየብኩ። «ሠራተኛዋ በማስታወሻ ዓምድ ውስጥ ትርጉሙ የማይታወቅ ምልክት በማስገባቷ» ይላል። ትርጉሙስ ይታወቃል። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። የክፍላችን ኃላፊ ፈርሞ ሲሰጠኝ «ያምራል» አለኝ። አንድ ቅጂ ለግል ማኅደሬ፣ አንድ ቅጂ ላንቺ፤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ያንቺንም ዓምድ አርሜዋለሁ፤ በነጠብጣቡ ቦታ «+3 ድጋፍ» ይላል። ስተይበው ጣቴ አልቆመም።

መዝገብ ቤት ገብቼ የራሴን የእርማት ወረቀት አስወጣሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ስልሳ ስምንቱ ግን ይነበባል። ያንቺን አጠገቡ አስቀመጥኩና ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ከዚያ ወደየቦታቸው መለስኳቸው።

ያ ሕልም ደግሞ መጣብኝ። ደረጃ ሲወርድ የነበረው ወረቀት አሁን ሲወጣ አየሁት፤ ተከትዬው ወጣሁ። ነጥቡን አልፈለግኩትም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ከፍታ ፈርቼ አላውቅም፤ አራት ነጥብ። እሑድ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ እንጀምር። ጉልበቴ ያንቺን አያክልም፤ መቶኛው ላይ ስደርስ ትንሽ አሳርፊኝ። ፊት ፊት እኔ ልውጣ። አንቺ ከኋላዬ ከኋላዬ ነይ፣ እንደ ባልዲዋ ጊዜ።

እትዬሽ